የጆን ሃውላንድ ሚስት የማን ልጅ ነበረች?

በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው የፕሊመዝ ከተማ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ የመቃብር ኮረብታ ላይ፣ በ1836 ለአንድ የጥንት ሰፋሪ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ። ሰውየው ጆን ሃውላንድ ይባላል። በ1620 ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ ከእንግሊዝ ከመጡት 102 መንገደኞች አንዱ ነው። ድንጋዩ ስለ ሚስቱ ሲናገር፣ ኤልሳቤጥ የሰፈራው የመጀመሪያ ገዥ የነበረው የጆን ካርቨር ልጅ እንደሆነች ይገልጽ ነበር። ዘሮቹ ይህንኑ ለልጆቻቸው ሲተርኩ ኖረዋል። ከገዥ ቤት ሚስት ያገባ አያት ማንን አያኮራም?

ትረካው ግን ስሕተት ነበር። ስሕተቱ የተገለጠበት መንገድ፣ የአንድን የጥንት አሜሪካዊ ሕይወትና ቤተሰብ ፈልጎ ማግኘት ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ከብዙ መመሪያ በተሻለ ያሳያል። ስለዚህ ከዚሁ ሰው ብዙም ሳንርቅ እንሂድ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃውላንድ ወደ አሜሪካ የመጣው የካርቨር አሽከር ሆኖ ነው። አሽከር ሲባል በዚያ ዘመን በውል ለተወሰኑ ዓመታት የሚያገለግል ወጣት ማለት እንጂ የዕድሜ ልክ አገልጋይ ማለት አይደለም። በጉዞው መካከል ማዕበል ሲበረታ ከታች ካለው ክፍል ወደ መርከቧ ወለል ብቅ አለ፤ መርከቧ ስትንገዳገድም ባሕር ውስጥ ወደቀ። እንደ ዕድል ሆኖ ከሸራው ላይ ተንጠልጥሎ ውኃው ውስጥ ይጎተት የነበረ ገመድ እጁ ገባ። ወደ ጥልቁ ቢሰምጥም ገመዱን አልለቀቀም፤ በገመዱ ስበው፣ በመንጠቆ ዘንግ ይዘው አወጡት። ከዚያ ገመድ ጫፍ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት፣ ሁለቱ ፕሬዚዳንት ቡሾች፣ ደራሲው ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰንና ተዋናዩ ሃምፍሪ ቦጋርት ወርደዋል፤ ሁሉም የሃውላንድ ዘሮች ናቸው።

የማዕበሉን ታሪክ የጻፈልን ዊልያም ብራድፎርድ ነው። ብራድፎርድ በዚያችው መርከብ የመጣ፣ ካርቨር ሲሞት ተተክቶ ሰፈራውን ለብዙ ዓመታት የገዛ ሰው ነው። የሰፈራውን ታሪክ በእጁ ጽፎ የተወው ጥራዝ ቦስተን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዘመን ደብዛው ጠፋ። በ1855 ለንደን ውስጥ፣ በከተማዋ ጳጳስ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። በ1856 ታተመ፤ ዋናው ጥራዝ ደግሞ በ1897 ወደ ማሳቹሴትስ ተመለሰ።

ብራድፎርድ ከመጽሐፉ ጋር አንድ ዝርዝር ትቶ ነበር። ከመጡ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1651 አካባቢ፣ በመርከቧ የመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠራ ማን እንደሞተ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ስንት ልጅ እንደወለደ መዝግቧል። ሃውላንድ ላይ ሲደርስ የጆን ቲሊን ልጅ ኤልሳቤጥን እንዳገባ፣ ሁለቱም በሕይወት እንዳሉና ዐሥር ልጆች እንዳሏቸው ይናገራል። ካርቨር የሚባል አማት የለም። ድንጋዩ በቆመ በ20ኛው ዓመት ቤተሰቡ አያቱን እንደገና መቁጠር ነበረበት።

ስሕተቱ ከየት መጣ? የኔ ግምት ይህ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ከሰፋሪዎቹ ግማሽ ያህሉ አለቁ። የኤልሳቤጥ አባትና እናት ሞቱ፤ በዚያው መርከብ የመጡት አጎቷና የአጎቷ ሚስትም ሞቱ። የ13 ዓመት ልጅ በባዕድ ባሕር ዳርቻ ያለ ዘመድ ቀረች። ካርቨር በሚያዝያ 1621፣ ሚስቱም ከሳምንታት በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ልጅቱ እነሱ ዘንድ ተጠግታ ከነበረ፣ «የካርቨር ቤት ልጅ» የሚለው ቃል በትውልዶች ቅብብሎሽ «የካርቨር ልጅ» ወደሚለው ሊለወጥ ይችላል። የቤተሰብ ወሬ ባዶ ውሸት የሚሆነው ጥቂት ጊዜ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ቦታዋን ስታ ነው የምትገኘው።

እንግዲህ የዘር አጣሪ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወረቀት እጁ ሲገባ ከሁሉ በፊት ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለምን ጻፈው ብሎ ይጠይቃል። ብራድፎርድ ሁለቱንም በአካል ያውቃቸው ነበር፤ ሲጽፍም በሕይወት ነበሩ። ድንጋዩን ያቆሙት ሰዎች ከሃውላንድ ሞት 160 ዓመት በላይ ርቀው የቆሙ ናቸው። ዕብነ በረድ ከወረቀት ይጠነክራል፤ ምስክርነቱ ግን ከወረቀቱ የደከመ ሊሆን ይችላል።

ለኔ ከዚህም የሚያስደስቱት ስለ ዘር ምንም ሐሳብ ሳይኖራቸው የተጻፉ ወረቀቶች ናቸው። ግንቦት 22 ቀን 1627 ሰፋሪዎቹ የጋራ ከብታቸውን ተካፈሉ። ሰዉ በ12 ቡድን፣ ቡድኑም በ13 ሰው ተመደበ፤ ጸሐፊውም ማን የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ በስም ዘረዘረ። አራተኛው ዕጣ የሃውላንድ ነበር። በዝርዝሩ እርሱ፣ ሚስቱ ኤልሳቤጥ፣ ትንሹ ጆን ሃውላንድና ዲዛየር ሃውላንድ አሉ። ለቡድኑ ከደረሱት ከብቶች አንዷ ጄኮብ በተባለች መርከብ ከመጡት አራት ጊደሮች አንዷ ስትሆን፣ ራግሆርን የሚል ስም ነበራት። የጊደሯ ስም ሳይቀር ተጽፏል!

ጸሐፊው ያሳሰበው የወተት ነገር ነው። ለእኛ ግን በዚያ ቀን ጋብቻው እንደጸና፣ ሁለት ልጆች እንደተወለዱ፣ ሌሎቹ ስምንቱ ገና እንዳልተወለዱ ነገረን። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ለመዋሸት ምክንያት ያለው ሰው የለም። ማንም ስለ ክብሩ ሲል በጊደር ድልድል ውስጥ ሚስት አይፈጥርም።

አሁን ወደ ሃውላንድ ሞት እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት ጉድጓድ አለ። ኑዛዜውን የጻፈው ግንቦት 29 ቀን 1672 ነው። የፕሊመዝ የሞት መዝገብ ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1672 ሞተ ይላል። የወሮቹን ስም ለአማርኛ አንባቢ እንዲመች እንዲህ አልኩ እንጂ ሰነዶቹ ሜይና ፌብሩዋሪ ነው የሚሉት። ታዲያ ሰውየው ከሞተ ከሦስት ወር በኋላ ተናዘዘ ማለት ነው?

አይደለም። በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው ጃንዋሪ 1 ቀን ሳይሆን፣ የብሥራት በዓል በሚከበርበት በማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ የ1672 ፌብሩዋሪ የሚመጣው ከ1672 ሜይ በኋላ ነው። በዛሬው አቆጣጠር ሃውላንድ የሞተው በ1673 ነው፤ ጥንቁቅ ጸሐፊዎችም ይህን ለማሳየት 1672/3 ብለው በእዝባር ይጽፉታል። ወሮች በስም ፈንታ በቁጥር ሲጻፉም «አንደኛው ወር» ማለት ማርች ነው። በ1752 አቆጣጠሩ ሲለወጥ ደግሞ ሴፕቴምበር 2 ቀን ረቡዕ የተኛ ሰው ሐሙስ የነቃው ሴፕቴምበር 14 ቀን ነው፤ 11 ቀናት ተዘለሉ። ለአሜሪካዊ ይህ ሁሉ ራስ የሚያዞር ነገር ነው። መስከረም ላይ ዓመት ለሚለውጥ፣ ቀጠሮ በያዘ ቁጥር «በእኛ ነው በእነሱ?» ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ ግን ማስረዳቱ ብዙም አያደክምም።

የሃውላንድ ኑዛዜ ለአጣሪ ሰው ሀብት ነው። አራቱን ወንዶች ልጆች፣ ጆንን፣ ጆሴፍን፣ ጃቤዝንና አይዛክን ይጠራል። ስድስቱን ሴቶች ደግሞ በባሎቻቸው ስም ይጠራቸዋል፤ ዲዛየር ጎራም፣ ሆፕ ቺፕማን፣ ኤልሳቤጥ ዲኪንሰን፣ ሊዲያ ብራውን፣ ሃና ቦስወርዝ፣ ሩት ኩሽማን። የዚህ ዝርዝር ዋጋ ለእኛ ቶሎ አይታየን ይሆናል። በእኛ አገር ሴት ብታገባም ባታገባም የአባቷ ልጅ ተብላ ነው የምትጠራው፤ አባቷን ለማግኘት ስሟን መስማት ይበቃል። በእንግሊዞች ዘንድ ግን ያገባች ሴት የአባቷን ስም ጥላ የባሏን ትይዛለች። ከዚያ በኋላ «ሃና ቦስወርዝ» የተባለች ሴት የማን ልጅ እንደሆነች ስሟ አይናገርም። የጥንት አሜሪካውያን ሚስቶች ግማሽ ስም ብቻ ይዘው በየመዝገቡ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ክሩ የሚበጠሰውም ብዙ ጊዜ እነሱ ላይ ነው። የኤልሳቤጥ አባት ማንነት ሁለት መቶ ዓመት ሊሳሳት የቻለውም ስሟ ሃውላንድ ሆኖ ስለቀረ ነው።

ኤልሳቤጥ ከባሏ በኋላ ወደ 15 ዓመት ገደማ ኖራ፣ ስዋንዚ በተባለች ከተማ ከልጇ ከሊዲያ ዘንድ በ1687 አረፈች። የእርሷም ኑዛዜ ቆይቶልናል፤ የተጻፈው በዲሴምበር 1686 ነው። ለሊዲያ ምርጥ የላባ ፍራሿን፣ አረንጓዴ የአልጋ ልብሷን፣ ትንሹን የናስ ድስትና ትንሹን መጽሐፍ ቅዱሷን ትታለች። ለጆሴፍ ሚዛን ሰጥታለች። ልብሶቿን ደግሞ ሦስቱ ሴቶች ልጆቿ ኤልሳቤጥ፣ ሊዲያና ሃና እኩል እንዲካፈሉ አዛለች።

ሦስቱ? በባሏ ኑዛዜ ውስጥ ስድስት ነበሩ። ዲዛየር፣ ሆፕና ሩት የት ሄዱ? አጣሪው እንዲህ ያለ ዝምታ ሲያጋጥመው ዝም ብሎ አያልፍም፤ እንዲሁ ሞተዋል ብሎም አይደመድምም። ተናዛዥ ልጁን የሚዘለው ድርሻዋን አስቀድሞ ሰጥቷት፣ ወይም ተቀይሟት ሊሆን ይችላል። የየከተማውን መዝገብ ሲያይ ግን ሦስቱም ከእናታቸው ቀድመው እንደሞቱ ያገኛል። የአንዱ ወረቀት ዝምታ በሌላው ወረቀት ቃል ሲሞላ ነው ነገሩ የሚጸናው።

በዚያው ኑዛዜ መግቢያ ላይ ኤልሳቤጥ ዕድሜዋን ትናገራለች፤ 79 ዓመቴ ነው ትላለች። አሁን ውቅያኖሱን እንሻገር። በእንግሊዝ አገር፣ በቤድፎርድሺር፣ ሄንሎ በተባለች አጥቢያ የጥምቀት መዝገብ ላይ የጆን ቲሊ ልጅ ኤልሳቤጥ ኦገስት 30 ቀን 1607 መጠመቋ ተጽፏል። ከ1607 ኦገስት እስከ 1686 ዲሴምበር ቁጠሩ፤ ልክ 79 ዓመት። የቄሱ መዝገብና የአሮጊቷ ኑዛዜ በ80 ዓመት ገደማና በአንድ ውቅያኖስ ተለያይተው፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ ተስማሙ። የዘር አጣሪዎች ከምንም በላይ የሚመኙት እንዲህ ያለውን ነው፤ እርስ በርሳቸው ያልተገለበጡ ሁለት ምስክሮች።

የሃውላንድን አገር ለማግኘት ደግሞ በቀጥታ አልሄዱም፤ በወንድም በኩል ዞሩ። ለንደን ውስጥ ሃምፍሪ ሃውላንድ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ በ1646 ሲናዘዝ አርተር፣ ጆንና ሄንሪ የተባሉ ወንድሞቹን ጠቅሶ፣ ከኒው ኢንግላንድ የሚሰበሰብ ዕዳውን ለእነሱ ትቷል። አርተርና ሄንሪ ሃውላንድም በፕሊመዝ የሚታወቁ ሰዎች ናቸው። በዚህ ክር ተይዞ ቤተሰቡ ፌንስታንተን ከተባለች የሃንቲንግደንሺር መንደር እንደመጣ ታወቀ። የሚፈለገው ሰው ራሱ ዝም ሲል ወንድሙን፣ ጎረቤቱን፣ የኑዛዜውን ምስክር፣ ባለዕዳውን መጠየቅ የሥራው ትልቁ ብልሃት ነው።

እስካሁን ከጥንቱ ሰው ጀምረን አወራን። ሥራው በተግባር ሲሠራ ግን አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው፤ ከራስ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይቆጠራል። በእኛ ዘንድ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር እንደሚደረገው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ እያንዳንዱ ቤት በወረቀት መታሰር አለበት። «እገሌ የእገሌ ልጅ ነው» የሚለው እያንዳንዱ መጋጠሚያ ለብቻው ይረጋገጣል። ከሩቅ ሰው ጀምሮ ወደ ራስ መምጣት አደገኛ ነው፤ ታላቅ ስም መርጦ ወደዚያ መንገድ የሚጠርግ ሰው መንገዱን ማግኘቱ አይቀርም። ከመቶ ዓመት በፊት ጉስታቭ አንዦ የተባለ ሰው ይህን ምኞት ንግድ አድርጎት፣ ለአሜሪካ ባለጸጎች የፈጠራ የዘር ሐረግ እየጻፈ ይሸጥ ነበር። የእርሱን ፈጠራ ዛሬም በኢንተርኔት የዘር ሐረጎች ላይ እየገለበጡ የሚያባዙ አሉ።

ወደ ኋላ ሲኬድ መሰላሉ በአንድ ስፍራ ይሳሳል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ከ1790 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ተካሂዷል፤ የነጠላ ሰዎች መረጃ ለ72 ዓመት ተዘግቶ ይቆይና ይከፈታል። ከ1850 ወዲህ ያሉት ቆጠራዎች የቤተሰቡን አባላት በስም ይዘረዝራሉ። ከዚያ በፊት ያሉት ግን የአባወራውን ስም ብቻ ጽፈው ሌላውን በዕድሜና በጾታ በቁጥር ያስቀምጣሉ። በማሳቹሴትስም መላውን ግዛት የሚያጠቃልል የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ1841 ነው። የ1890 ቆጠራ ደግሞ አብዛኛው ከ1921 ቃጠሎ በኋላ ጠፍቷል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሐረጉ የሚበጠስበት የ1600ዎቹ ዘመን ሳይሆን፣ ከነጻነት ጦርነት በኋላ ሰዉ ወደ ምዕራብ የፈለሰበት ዘመን ነው። የሜይፍላወር ዘሮች ማኅበር በ1897 ከተመሠረተ ወዲህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ትውልዶች እያጣራ በመጻሕፍት አሳትሟል፤ አመልካቹ የሚደክመው ከዚያ ወዲህ ላለው መጋጠሚያ ነው።

የዘረመል ምርመራስ አይበቃም ወይ? ሁሌ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ከ12 ትውልድ በፊት ለአንድ ሰው 4,096 የአያት ቦታዎች አሉ። ውርሱ በየትውልዱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከአንዳንዶቹ አያቶች ወደ ዛሬው ሰው የደረሰ ቁራጭ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ከወንድ ወደ ወንድ ብቻ፣ ወይም ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፉት ክፍሎች ብዙ ይዘልቃሉ፤ የኤልሳቤጥ የእናት ውርስ ለምሳሌ በሴቶች ልጆቿና በሴቶቻቸው ብቻ ነው የሚቀጥለው። ምርመራ ዝምድና መኖሩን ሊጠቁም ይችላል፤ አያቱ ጆን ይሁን ወንድሙ አርተር ግን መለየት አይሆንለትም።

ይህ ሁሉ የሆነው ግን ሃውላንድ ስም ያለው ሰው ስለነበረ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1625፣ በቨርጂኒያ ሰፈራ ነዋሪዎች ሲቆጠሩ አንጄሎ የተባለች አፍሪካዊት ትሬዠረር በተባለች መርከብ እንደመጣች ተጽፏል። የአባት ስም የለም፣ አገር የለም፣ ዕድሜ የለም። በ1850 እና በ1860 ቆጠራዎች ደግሞ በባርነት የተያዙ ሰዎች የተመዘገቡት በባለቤታቸው ስም ሥር፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ ነው። ለአብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን አያታቸው በስም የሚቆጠርበት የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ የ1870ው ነው። ከዚያ ወዲያ ለመሄድ የባለቤቱን ኑዛዜና የንብረት ዝርዝር መመርመር ግድ ይላል። የሃውላንድ ዘር አያቱን ከጊደሮች ባለቤቶች ተርታ ሲያገኘው፣ ሌላው አያቱን የሚያገኛት ከጊደሮቹ ጋር ተዘርዝራ ነው። በአሜሪካ የምትኖሩና ልጆቻችሁ በአንድ ወገን ከጥቁር አሜሪካውያን የሚወለዱ አንባቢዎች፣ የዘር ሐረግ የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ በዚያ በኩል ያለው ገጽ ቶሎ ባዶ ቢሆን አትደነቁ።

የሃውላንድ ድንጋይ በ1897 በሌላ ተተካ። አዲሱ፣ ኤልሳቤጥ የጆን ቲሊ ልጅ እንደነበረች በትክክል ይናገራል። እርሷ ራሷ ግን እዚያ አልተቀበረችም፤ ዛሬ በሮድ አይላንድ ግዛት ኢስት ፕሮቪደንስ በሚባለው ከተማ ባለ መካነ መቃብር ነው ያለችው። ስለ ሃውላንድ ዕድሜ ደግሞ አዲሱም ድንጋይ የፕሊመዝን የሞት መዝገብ ተከትሎ «ከሰማንያ በላይ» ይላል። እንዲያ ከሆነ ማዕበሉ ላይ ቢያንስ 27 ዓመቱ ነበር ማለት ነው። ብራድፎርድ ግን የጠራው ብርቱ ወጣት ብሎ ነው፤ አሽከርም ነበረ፤ በዚህ የተነሣ ልደቱን ወደ 1599 የሚያቀርቡ አጣሪዎች አሉ። የጥምቀት መዝገቡ እስካሁን አልተገኘም።